ኢየሱስ ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ባለፈው ክረምት መጨረሻ፣ በሰንበት ትምህርት ክፍላችን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። የዕለቱ ትምህርት ስለ ዘኬዎስ ነበር፤ ጥያቄዋ ግን ስለ ዘኬዎስ አልነበረም። ጣቷን በስተ ምሥራቅ ወዳለው ትልቅ መስኮት ቀስራ፣ “ቲቸር፣ ኢየሱስ ለምን ሰማያዊ ሆነ?” አለችኝ።

ዘወር ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መስታወቱ ላይ ያስለጠፍነው ሥዕል መልኩን ቀይሯል። የኢየሱስ ፊት፣ እጆቹ፣ የከበቡት ሕፃናት ጉንጭ፣ በጎቹ እንኳ ሳይቀሩ ሰማያዊ ሆነዋል። ቀዩንና ቢጫውን ቀለም ፀሐይ በልቶታል፤ የተረፈው ሰማያዊው ነው። ቶሎ ብዬ፣ “ሰማያዊ ነዋ! ከሰማይ የመጣ አይደል?” አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ወደ ዘኬዎስ ተመለስን።

መልሴ ለጨዋታ ያህል ጥሩ ነበር። ቤቴ ስገባ ግን ከነከነኝ። ልጅቷ እውነተኛ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን በቃል ጨዋታ አለፍኳት። እውነተኛው መልስ፣ “ርካሽ ስቲከር ስለለጠፍን፣ ስንለጥፍም ፀሐይን ስላላሰብን፣ ሥዕሉንም ሳንመርጥ ዝም ብለን ስለተቀበልን ነው” የሚል ነበር። የባሰው ደግሞ ያን ሥዕል ያጸደቅሁት እኔ ራሴ መሆኔ ነው። ማተሚያ ቤቱ በኮምፒውተር ካሳየን አምስት ሥዕሎች “ይኼኛው ደስ ይላል” ብዬ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ምርጫው አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

ይህን የምጽፍላችሁ እናንተም በቅርቡ እንዲህ ያለ ምርጫ ፊት ልትቆሙ ስለምትችሉ ነው። ብዙዎቻችሁ በወጣቶች ኅብረት ገንዘብ አሰባስባችሁ የሕፃናት ክፍል ታሳምራላችሁ። በበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት ትቀባላችሁ፤ ለቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥዕል ታሳትማላችሁ። ሥራው በጎ ነው። ሆኖም አንድ ሥዕል ትምህርት ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም ሳይጠየቅ ለዓመታት ያስተምራል። መምህር ሲቀጠር የትምህርት ማስረጃው ይታያል፣ ይፈተናል። ሥዕሉን ግን ማን ፈተነው?

በመጀመሪያ መስታወት ግድግዳ አለመሆኑን እናስተውል። ግድግዳ ላይ ሥዕል ስትስሉ ክፍሉ ምንም አይጎድልበትም። መስኮት ላይ ሥዕል ስታትሙ ግን ከልጆቹ ሁለት ነገር ትወስዳላችሁ፤ አንደኛው ብርሃን፣ ሁለተኛው የውጭው እይታ ነው። በእኛ ክፍል የሆነው ይኸው ነው። በክረምት ጠዋት በአምፖል መማር ጀመርን። ከመስኮቱ ውጭ፣ በግቢው ጥግ ያለው አሮጌ የወይራ ዛፍ ከልጆቹ ዓይን ጠፋ። ዘኬዎስ ኢየሱስን ለማየት ዛፍ ላይ ወጣ፤ እኛ ግን ኢየሱስን ለማሳየት ብለን ዛፉን ሸፈንን። ስለዚህ የመስታወት ሥዕል ባለዕዳ ነው። የወሰደውን ብርሃን የሚያህል ነገር መመለስ አለበት።

አሠራሩንም በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሳናውቅ ስንገባ የታተመ ነገር ሁሉ አንድ ይመስለናልና። የመጀመሪያውና ቀላሉ መንገድ ስቲከር ነው። ሥዕሉ በስስ ፕላስቲክ ላይ ታትሞ በመስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ ጠርዙ ይላጣል። ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉን በሁለት መስታወቶች መካከል አድርጎ በፕላስቲክ ንብርብር ማጣበቅ ነው። ሦስተኛው በእሳት የሚጸና ነው። የተፈጨ መስታወትና የማዕድን ቀለም የተቀላቀለበት ቀለም በመስታወቱ ላይ ይታተምና ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወደሚግል ምድጃ ይገባል። መስታወቱ በሚጠነክርበት በዚያው ምድጃ ውስጥ ቀለሙ ቀልጦ ከመስታወቱ ጋር ይዋሃዳል። ከዚያ በኋላ አይላጥም። ልብ በሉ፤ እሳት ያላለፈበት ሥዕል ፀሐይ ሲያገኘው ይሸሻል። ከዚህ ስብከት ማውጣት ቀላል ነው፤ እሱን ለእናንተ እተወዋለሁ። አሁን የምናገረው ስለ ቀለም ብቻ ነው።

ታዲያ በትምህርት ቤት የሚቀመጥን ሥዕል በምን እንመዝነው? “ያምራል ወይ?” ብቻውን አይበቃም፤ የእኛም ስቲከር በመጀመሪያው ሳምንት ያምር ነበር። እኔ የማውቀው ጥሩ መመዘኛ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 ያለው ነው። እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ አሥራ ሁለት ድንጋዮች ከወንዙ መካከል ወጥተው በጌልገላ ቆሙ። ምዕራፉን ስታነቡ ምክንያቱን ታገኛላችሁ፤ በኋለኛው ዘመን ልጆች የእነዚህን ድንጋዮች ትርጉም ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሯቸው ነው። በድንጋዮቹ ላይ መልስ አልተጻፈም። ድንጋዮቹ የቆሙት ልጁን ለማስጠየቅ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው በአጠገቡ ያለ ትልቅ ሰው ነው። እንግዲህ መመዘኛው ይህ ይሁን፤ ሥዕሉ ልጁን ያስጠይቀዋል ወይስ ጥያቄውን ይዘጋበታል? ሲጠይቅስ የምንመልሰው እውነት አለን?

የእኛ ስቲከር ልጆችን ያስጠየቀው በሦስተኛው ዓመቱ፣ ከተበላሸ በኋላ ነው። ደኅና በነበረ ጊዜ ማንም ምንም ጠይቆበት አያውቅም።

ይህ ነገር ሲያስጨንቀኝ ከኅብረታችን ዘጠኝ ወጣቶች ይዤ፣ አስቀድመን አስፈቅደን፣ የአፍሪካ አዳራሽን ለማየት ሄድን። እናንተም የምትችሉ ሂዱ። አዳራሹ በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራ ሲሆን ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ በዚሁ ቤት ነው። ከብዙ ዓመታት እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። እንደ ገባችሁ በመግቢያው አዳራሽ ፊት ለፊት የሚቀበላችሁ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው። በሦስት ክፍል የተሠራ ሲሆን ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። ያለፈውን የአፍሪካ መከራ፣ ትግሉንና የወደፊቱን ተስፋ ያሳያል።

አዳራሹ ትምህርት ቤት አይደለም። ቢሆንም ከተማችን ውስጥ መስታወት እንዴት ሕዝብን እንደሚያስተምር ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በተለይ ለእናንተ አንድ ነገር ልጨምር። አፈወርቅ የተወለደው በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ነው። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሥዕል ዞረ። ይህን ታላቅ መስታወት ሲሠራ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ከመካከላችሁ “ገና ልጅ ነኝ” የሚል ካለ ይህን ያስብ።

ወጣቶቹ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ያ አጽም ማን ነው?” አለኝ። በመከራው ክፍል ሰንሰለት አለ፤ አጽምም አለ። ሁለተኛዋ ስለ ዘንዶው ጠየቀች፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል በልጅነቷ አያቷ ቤት አይታ ስለነበር፣ ዘንዶ ሲወጋ ማየት እንግዳ አልሆነባትም። ሦስተኛው፣ “ሁሉም ነገር ለምን በአንድ ላይ አለ? ጨለማውና ብርሃኑ ለምን አልተለያዩም?” አለ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ደቂቃ ያህል መልስ ስንፈልግ ቆየን። ስለ ባሪያ ንግድ፣ ስለ ቅኝ ግዛት፣ በ1960 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነጻ ስለ መውጣታቸው አወራን። መስታወቱ የጌልገላን ድንጋዮች ሥራ ሠራ። ልጆቹ ጠየቁ፤ እኛ ትልልቆቹ መንገር ግዴታችን ሆነ። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቀለም በእጁ መዳፍ ተቀብሎ ያይ ነበር። ዕዳ የከፈለ መስታወት ማለት ይህ ነው። የወሰደውን ነጭ ብርሃን ቀለም አድርጎ መለሰው።

ሆኖም ትችት የምጽፍ እንደ መሆኔ ድካሙንም መናገር አለብኝ። በእኔ እይታ ከሦስቱ ክፍሎች ጠንካራው የመከራው፣ ደካማው የተስፋው ነው። በተስፋው ክፍል በኢትዮጵያ ልብስ ያጌጡ ሰዎች ችቦ ይዘው ይመራሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ምልክት ያለበት ጥሩር የለበሰ ሰውም አለ። ከወጣቶቹ አንዷ፣ “ወደፊቱ ለምን የእኛን ልብስ ብቻ ለበሰ?” ስትል ጠየቀች። ጥሩ ትችት ነው። በዚያ ዘመን ላለ ወጣት ሠዓሊ፣ አፍሪካን በምታስተናግድ አገር፣ ይህ ኩራት የሚገባ ነው። ዛሬ ግን “የወደፊቱ” የሚለው ክፍል ከሦስቱ ሁሉ ይልቅ ያረጀው ነው። መከራው አላረጀም፤ የትኛውም ዘመን ሰንሰለትን ያውቃል። ተስፋ ግን መልኩን አስቀድሞ ሲያሳዩት ቶሎ ያረጃል። በዚያ ላይ በመስታወቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምሳሌዎች ናቸው። ሰውየው አፍሪካ ነው፣ ችቦው እውቀት ነው፤ ስም ያለው፣ ቤት ያለው አንድ ሰው አታገኙም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን መስታወቱን የሚያቆመው ነገር አለ፤ ተስፋው ብቻውን አልቆመም። አጠገቡ ሰንሰለት አለ። ችቦውን የምታምኑት ጨለማውን ስላያችሁ ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ተመለሱ። በየግል ትምህርት ቤቱ መግቢያ መስታወት ላይ ምን ይታያል? ጋዋን ለብሶ ቆቡን ወደ ላይ የወረወረ ልጅ፣ የተከፈተ መጽሐፍ፣ ሉል፣ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ፤ ከሥሩም ስለ ትምህርት ጠቃሚነት አንድ መፈክር። በየሰንበት ክፍላችንስ? አረንጓዴ ሜዳ፣ ንጹሕ በጎች፣ የሚስቅ ኢየሱስ፣ የሚስቁ ልጆች። እነዚህ ሁሉ ሦስተኛው ክፍል ብቻ ናቸው። ሰንሰለቱም ዘንዶውም የሉም። መልስ ብቻ አለ፤ መልሱም ከሥሩ ተጽፏል፤ ልጁ ለመጠየቅ ቦታ የለውም።

በእኛ የሰንበት ክፍል አባቱን የቀበረ ልጅ አለ። ባለፉት ዓመታት በጦርነት ቤታቸውን ጥለው የመጡ ልጆች አሉ። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣም አለ፤ ማን እንደሆነ አብረውት የሚቀመጡት ያውቃሉ። እነዚህ ልጆች ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ የሚያዩት ሥዕል፣ “ኢየሱስ ዘንድ ሁሉም ይስቃል” ይላቸው ነበር። የማይስቀው ልጅ ከዚያ ሥዕል ውስጥ ራሱን የት ያግኝ? መጽሐፍ ቅዱሳችን እንዲህ አያስተምርም። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ የልቅሶ መዝሙራት ብዙ ናቸው፤ ሰቆቃወ ኤርምያስ የሚባል ሙሉ መጽሐፍ አለን፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። እኛ ግን የልጆቻችንን መስኮት ስናሳትም እነዚህን ገጾች እንዘላለን።

አንዳንዶቻችሁ ከዚህ በፊት የሚነሣ ሌላ ጥያቄ እንዳለ ታስባላችሁ። “እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ከመጀመሪያውስ ሥዕል ምን ያደርግልናል?” ትላላችሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አባቶቻችን የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ባዶ ያደረጉት በንቀት ሳይሆን በፍርሃተ እግዚአብሔር ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ዛሬም ትእዛዝ ነው። ሆኖም ራሳችንን በእውነት እንመርምር። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያሉትን በጥንቃቄ የተሠሩ ባለቀለም መስኮቶች አይተን፣ “ይህ የእኛ መንገድ አይደለም” እንላለን። ከዚያ ዞረን ማንም ያልደከመበትን፣ ማንም ያልጸለየበትን፣ ከኢንተርኔት የወረደን ሥዕል በባነርና በስቲከር አሳትመን በመድረኩና በመስኮቱ ላይ እንሰቅላለን። እንግዲህ ሥዕልን አልተውንም። የተውነው መምረጥን ነው።

እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው የመገናኛውን ድንኳን በጥበብ እንዲሠራ ነበር። የእጅ ጥበብ በመጽሐፍ ቅዱስ ከመንፈስ ሙላት ጋር ተያይዞ መጠቀሱን አንርሳ። ድንኳኑ ባለብዙ ቀለም ነበር፤ ሰማያዊም ሐምራዊም ቀይም ነበረበት። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጌጥ መካከል የእግዚአብሔር ፊት አልተሳለም። ይህን ሚዛን እወደዋለሁ፤ ጥበብ በሙላት፣ ፊቱ ግን የለም።

ስለዚህ አንድ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ልናገር፤ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልኝ። በሕፃናት ክፍል መስታወት ላይ የኢየሱስን ፊት ማተም የለብንም ብዬ አምናለሁ። ወንጌላት ብዙ ነገር ሲነግሩን መልኩ እንዴት እንደነበረ አልነገሩንም። የእኛ ስቲከር ግን ነገረ። ጸጉሩ ቀይ ዳማ፣ ዓይኑ ቀላ ያለ አረንጓዴ፣ ቆዳው ነጭ ነበር፤ የገሊላ አይሁዳዊም፣ የእኛ ሰፈር ሰውም አይመስልም። አንድ የአራት ዓመት ሕፃን ይህን ፊት በየሳምንቱ ካየ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ የሚመጣበት ይኸው ፊት ነው። ካደገም በኋላ አይለቀውም። በአምስት ደቂቃ የመረጥኩት የማተሚያ ቤት ሥዕል የስንት ሕፃን ጸሎት ውስጥ እንደገባ አላውቅም፤ ስለዚህ ነገር ንስሐ ገብቻለሁ። ፊቱን ሳንስል ስለ እርሱ የምንናገርበት ነገር ሞልቷል። አምስት እንጀራ አለ፤ ማዕበል ላይ ያለች ታንኳ አለች፤ ዘኬዎስ የወጣበት ዛፍ አለ፤ ድንጋዩ የተንከባለለ መቃብር አለ። እነዚህ እንደ ጌልገላ ድንጋዮች ያስጠይቃሉ። “ታንኳዋ ውስጥ የተኛው ማን ነው?” የሚል ልጅ መልሱን የሚሰማው ከእናንተ አፍ ነው።

ሌላው ክርክር የገንዘብ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በቅንነት፣ “ልጄ፣ ወንበር ሳይኖረን የመስታወት ሥዕል ምን ያደርጋል?” አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ወንበር ይቅደም። መሬት ላይ ለሚቀመጥ ልጅ ባለቀለም መስኮት ማሠራት ፌዝ ነው። ነገር ግን እኛ ለስቲከሩ ገንዘብ አውጥተናል። አሁንም ለማንሣትና ለመተካት ልናወጣ ነው። ጥያቄው ገንዘብ እናውጣ ወይስ አናውጣ አልነበረም፤ ያወጣነውን አስበን አወጣን ወይ ነው።

በዚህ ረገድ ከሌላ አገር የምንማረው አለ። የኒው ዮርክ ከተማ በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ሕጉ በሚመለከታቸው፣ በከተማዋ ገንዘብ በሚሠሩ ሕንጻዎች ከበጀቱ አንድ ከመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል ደነገገች። አዳዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም በዚህ መንገድ ሥዕል፣ ሞዛይክና የመስታወት ሥራ አግኝተዋል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የዚያችን ከተማ ገንዘብ የላትም። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሥዕሉ ሕንጻው ካለቀ በኋላ በተረፈ ገንዘብ የሚለጠፍ ሳይሆን ሕንጻው ሲታቀድ አብሮ የሚታሰብ ሆነ። ፀሐይ በየት ትገባለች? ልጆቹ ፊታቸውን ወዴት አዙረው ይቀመጣሉ? ይህ የሚታሰበው መስኮቱ ሳይገጠም ነው።

የታተመና የተቀባ መስታወት ደግሞ የግድ ርካሽ ነገር ማለት አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊት ጁሊ ምሕረቱ በቺካጎ ለባራክ ኦባማ ማእከል የሠራችው የመስታወት ሥራ ከ25 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚያ ሥራ ላይ ቆማችሁ “ይህ ሰው ነው፣ ይህ ተራራ ነው” ማለት አትችሉም፤ መስመርና ቀለም ተደራርቦበታል። አንዳንዶቻችሁ “ምኑ ነው ይሄ?” ትሉ ይሆናል። ግን ይህን ስትሉ ጠይቃችኋል። እኔ ለሕፃናት ክፍል እንዲህ ያለውን አልመርጥም፤ ሕፃን የሚይዘው ነገር ይፈልጋልና። ቢሆንም የሚያስጠይቅ መስታወት በዘመናችንም፣ በዘመናችን መሣሪያም እንደሚሠራ ያሳየኛል።

የእኛ ኅብረት የት ደረሰ? ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በምላጭና በሞቀ የሳሙና ውኃ ስቲከሩን ፋቅን። ሙጫው አስቸገረን። ሲለቅ ግን ብርሃኑ ገባ፤ የወይራ ዛፉም በቦታው ነበር። ስለሚተካው ገና አልተስማማንም። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። የመስኮቱ የታችኛው ክፍል፣ ሕፃን ቆሞ የሚያይበት ከፍታ ድረስ፣ ምንም ሳይነካ ጥርት ብሎ ይቅር። ሥዕሉ ከላይ ይሁን። ሥዕሉን የሚስለው ከመካከላችን የሥዕል ስጦታ ያለው ወጣት ይሁን፤ ኮምፒውተር አይምረጥልን። ፊት አይኑርበት፣ መፈክርም አይጻፍበት። ማዕበሉም ታንኳዋም ይሳሉ፤ ማዕበሉ ትልቅ ይሁን። ገንዘባችን ለስቲከር ብቻ ከበቃ ሁሉንም መስኮት ከመሸፈን አንዲት ጠባብ መስታወት ብቻ ወስደን በሚጸና መንገድ እናሠራ፤ ሌላው ባዶ ይቅር። ባዶ መስታወት ነውር የለበትም። እግዚአብሔር የሠራው ዛፍ ይታይበታል።

ከወጣቶቹ አንዱ፣ “ሕፃናት ማዕበል ካዩ አይፈሩም?” ብሎ ተቃወመኝ። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ አላጣጣልኩትም። የእኔ መልስ ልጆቹ ማዕበሉን አስቀድመው ያውቁታል የሚል ነው። ያላወቁት፣ ቤተ ክርስቲያን ማዕበሉን እንደምታውቅላቸው ነው።

በአማርኛችን መስታወት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ራሳችንን የምናይበትም መስታወት ነው፤ ውጭውን የምናይበትም መስታወት ነው። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ አሁን የምናየው በመስታወት እንደሚታይ ድንግዝግዝ ያለ መሆኑን፣ ፊት ለፊት የምናይበት ቀን ግን ገና እንደሚመጣ አስተምሯል። የእርሱ ዘመን መስታወት የተወለወለ ብረት ስለነበር ምስሉ ጥርት አይልም። እንግዲህ ፊት ለፊት ማየቱ ለዚያ ቀን የተቀመጠ ከሆነ፣ እኛ ዛሬ በስቲከር ለልጆቻችን አስቀድመን ለምን እንጨርሰዋለን?

በሚቀጥለው የኅብረት ስብሰባችሁ አንድ ነገር አድርጉ። የምታስተምሩበት ክፍል ውስጥ ገብታችሁ በትንሿ ወንበር ላይ፣ በልጅ ቁመት ተቀመጡ። ምን ይታያችኋል? ያ የምታዩት ነገር ምን ያስጠይቃችኋል? ለጥያቄውስ መልስ አላችሁ? መልሱን ሳታገኙ ወደ ማተሚያ ቤት አትሂዱ።

እኔም ባለፈው እሑድ ለዚያች ልጅ የሚገባትን መልስ ሰጠኋት። “ያን ጊዜ የነገርኩሽ ቀልድ ነበር። ሰማያዊ የሆነው ቀለሙ ደካማ ስለነበር ነው። የመረጥኩትም እኔ ነበርኩ፤ ተሳስቻለሁ” አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ “ታዲያ እውነተኛው ምን ይመስላል?” አለችኝ።

“አላየሁትም” አልኳት። “አብረን እናየዋለን።”